ቀላል ፑሊ ለሱባሩ፦ 150 ዶላር ያወጣል?

የክራንክ ፑሊ የሞተሩ ዋና ዘንግ (ክራንክ) ጫፍ ላይ የሚታሰር፣ ቺንጋዎቹን የሚያዞር ክብ ብረት ነው። ክብደቱ የቀለለውን የሚሸጡት ሰዎች "የፈረስ ጉልበት ይጨምራል" ይላሉ። አይጨምርም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

መኪናዋ የ2004 ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊውአርኤክስ ናት። ባለ 2 ሊትር ቱርቦ፣ ማንዋል። ከፋብሪካ ስትወጣ 227 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ዛሬ ስንቱ እንደቀረ እግዜር ይወቅ። ሥራ የምሄድባት አይደለችም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የምነካካት ናት። ባለቤቴ "ጣውንቴ" ትላታለች።

የገዛሁት የክራንክ ፑሊውን ብቻ ነው። አሉሚኒየም ነው፤ ዲያሜትሩ ከኦሪጅናሉ ጋር እኩል። ሁለቱንም በርበሬ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው። ኦሪጅናሉ ከ2 ኪሎ በላይ፣ አዲሱ ግማሽ ኪሎ ገደማ። (ሚዛኑን አጥቤ መልሻለሁ፤ እንዳትነግሯት።)

ሥራው ብዙ አይከብድም። ባትሪውን ፈታሁ፣ የቺንጋውን ሽፋን አነሳሁ፣ ሁለቱን ቺንጋዎች አላልቼ አወጣሁ፣ ቦታ እንዲሰፋኝ የራዲያተሩን ፋኖች አነሳሁ። ጣጣው መሃል ላይ ያለው ባለ 22 ሚሊሜትር ቡሎን ነው። ቁልፍ ገብቶበት ሲገፋ ሞተሩ አብሮ ይዞራል። መላው 5ኛ ማርሽ አስገብቶ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ማድረግ ነው። የረገጠልኝ አብሮ አደጌ ነው፤ አዲስ አበባ እያለ ሶማሌ ተራ ዕቃ ይሸጥ ነበር። "ብረት አውጥተህ ቆርቆሮ ልትከት?" እያለ ይስቃል። እኔ ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቼ ተንጠለጠልኩ። ጧ አለና ለቀቀ።

አዲሱ ሲገባ ልክክ አለ፤ መዶሻ አልፈለገም። የቺንጋ ጥርሶቹን በጥፍሬ ዳሰስኳቸው፣ ሸካራ ቦታ የለም። ለአሠራሩ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

ያናደደኝ መመሪያ አለመኖሩ ነው። ቡሎኑ በስንት እንደሚጠብቅ እንኳ አልጻፉም፤ ስቲከር ግን ሁለት ልከዋል! ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቡሎኑ ከላላ ፑሊው ይወላገዳል፣ ውሎ አድሮም የክራንኩን ጫፍ ይበላል። ልኩን ከራሳችሁ ዓመት ሰርቪስ ማንዋል አይታችሁ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አጥብቁ።

ስትነዳስ? ነዳጅ ነካ ሳደርግ ዙሩ ቶሎ ይነሳል፣ ስለቅ ቶሎ ይወርዳል። በ1ኛና በ2ኛ ማርሽ ይታወቃል። ማርሽ ስቀንስ ዙሩን ማስተካከል ቀሎኛል። 495 አውራ ጎዳና ላይ በ5ኛ ማርሽ ስጓዝ ግን ምንም የለም። ፑሊው ጉልበት የሚበላው ዙር ሲጨምር ነው፤ ዙሩ ከረጋ ከበደም ቀለለም ያው ነው። በዚያ ላይ ፍላይዊሉ (ክራንኩ ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ በካምቢዮ በኩል ያለው ክብ ብረት) ከሱ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ ክብደቱም ከመሃል ርቆ ነው ያለው። ገንዘብ ያለው ሰው ለውጥ የሚያገኘው እዚያ ነው።

ዲያሜትሩ ያነሰም ይሸጣል። እሱ ዲናሞውን በዝግታ ያዞራል፤ ሚኒሞ ላይ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲዞር) ኤሲና መብራት ሲበራ ዕዳው ለባትሪው ነው። ለትራክ መኪና ይሁን፤ በሜሪላንድ የኦገስት ሙቀት ለሚነዳ ግን አልመክርም።

"ሞተር ይሰብራል" የሚለውስ? ወሬ ብቻ አይደለም። በብዙ ሞተሮች ፑሊው ውስጥ ጎማ አለ፤ ጎማው የክራንኩን የመጠማዘዝ ንዝረት ይውጣል። ስድስቱም ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደሩበት፣ ክራንኩ ረጅም የሆነ ሞተር ላይ ያንን ማውጣት አደጋ ነው። የሱባሩ ቦክሰር ሞተር (ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙበት) ክራንክ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ሰው ይደፍራል፤ እኔም ደፍሬያለሁ። የቀድሞዎቹ ቀጥ ያሉ ባለ 6 ቢኤምደብልዩዎች ቢሆኑ ግን እጄን አላስገባም።

መቼ ይገዛ? የዚህ ሞተር ታይሚንግ ቤልት (ቫልቮቹን ከክራንኩ ጋር የሚያናብበው ቺንጋ) በ105,000 ማይል ይቀየራል፤ ለዚያ ፑሊው የግድ ይወጣል። ያኔ ቀላሉን መክተት ተጨማሪ የእጅ ዋጋ የለውም። ለሱ ብቻ ብሎ ጋራዥ መክፈል ግን ብር መበተን ነው።

ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር አለው። እኔ ቀይ ለማግኘት ስጠብቅ ከረምኩ፤ ሽፋኑ ሲመለስ ምኑም አይታይም።