ታወር፣ ዲሽ ወይስ በቀጥታ ከሳተላይት? ለሰሜን ሸዋ ገጠር የሚበጀው

መንዝ የሚኖሩት አጎቴ ስልካቸውን የሚያስቀምጡት መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ጣሳ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካነሡት ኔትወርኩ ይጠፋል። ባለፈው ሰሞን ደውለው «ልጄ፣ ይህ ከሰማይ በቀጥታ ይመጣል የሚሉት ኔትወርክ እውነት ከሆነ ስልኬን ልቀይር?» አሉኝ። «አይቀይሩ» አልኳቸው፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

ከተራ ስልክ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሳተላይት በተግባር ሰማይ ላይ ያለ ታወር ነው። ስልካችን የሚልከው ኃይል 0.2 ዋት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ሳተላይቱ ደግሞ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሰዓት 27,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚከንፍ፣ ይህን ደካማ ምልክት የመቀበሉ ሸክም የሚያርፈው በሳተላይቱ አንቴና ላይ ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ኤኤስቲ ስፔስሞባይል እ.ኤ.አ. በ2022 ያመጠቀው ብሉዎከር 3 የተባለ የሙከራ ሳተላይት ሲዘረጋ 64 ካሬ ሜትር የሚሰፋ አንቴና የያዘው ለዚሁ ነው። የኢሎን መስክ ኩባንያ ስፔስኤክስ የሳተላይት ኢንተርኔት የሆነው ስታርሊንክ በበኩሉ አነስ ያሉ ሳተላይቶችን በብዛት ማምጠቅን መርጦ፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት በጃንዋሪ 2024 ልኳል፤ አገልግሎቱንም የጀመረው በጽሑፍ መልእክት ነው። መስክ ራሱ እንደገለጸው የእነዚህ ሳተላይቶች አንድ ጨረር (ወደ አንድ አካባቢ የሚላክ የሬዲዮ ምልክት) የሚይዘው በሰከንድ 7 ሜጋቢት ገደማ ሲሆን፣ ጨረሩ ባረፈበት ሰፊ አካባቢ ያለ ተጠቃሚ ሁሉ ይህንኑ ይካፈላል። «ብሮድባንድ» (ፈጣን ኢንተርኔት) የሚል ማስታወቂያ ያየ ገዢ ይህን ቁጥር ልብ ይበል።

ከዚህም ሌላ ስልኩ ሰማይን ማየት አለበት። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በመንዝ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ብዙ አይጠበቅም፤ ጀማ ሸለቆ ውስጥ ሲወረድ ደግሞ ገደሉ ራሱ ሰማዩን ያጠበዋል። ሳተላይቱ የሚጠቀመው ለሞባይል የተመደበ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ የአገር ውስጥ የቴሌኮም ኦፕሬተር ስምምነትና የዘርፉ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ባለድርሻ የሆነው ቮዳኮም የብሪታንያው ቮዳፎን ኩባንያ ነው፤ ቮዳፎንም በጃንዋሪ 2025 ከዌልስ ተራሮች በተራ ስልክ፣ በሳተላይት በኩል የቪዲዮ ጥሪ አድርጓል። ይህን ዝምድና ግን አገልግሎቱ ወደ እኛ እንደሚመጣ ቀጠሮ አድርጌ አልቆጥረውም። ስለዚህ «ይህ ስልክ ሳተላይት ይቀበላል» ብሎ ዋጋ ለሚጨምር ነጋዴ ጭማሪውን አትክፈሉ፤ የመጀመሪያው ትውልድ አገልግሎት የታሰበው ለተራ የ4ጂ ስልክ ነው። ስፔስኤክስ በሴፕቴምበር 2025 በ17 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛ በተስማማው ፍሪኩዌንሲ ለሚመጣው ቀጣይ ትውልድ ደግሞ አዲስ ቺፕ ያለው ስልክ ያስፈልጋል።

በፍጥነት ረገድ ዲሹ፣ ማለትም ቤት ላይ ተተክሎ ኢንተርኔት ከሳተላይት የሚቀበለው መሣሪያ፣ ይበልጣል፤ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ወጪውን ለሚጋራ ማኅበር የሚስማማው እሱ ነው። ሆኖም መደበኛው የስታርሊንክ ዲሽ ከ75 እስከ 100 ዋት፣ ትንሹ ከ25 እስከ 40 ዋት ስለሚወስድ ለመብራት የተገዛች ትንሽ ሶላር አትችለውም። ያለ ፈቃድ ከጎረቤት አገር በሻንጣ የመጣ ዲሽ መግዛትም ገንዘብን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ካለ ሳተላይት ጋር የሚሠራው ቱራያ የተባለው የሳተላይት ስልክ ለጥሪ እንጂ ለኢንተርኔት አይመከርም፤ እሱም ፈቃድ ይጠይቃል።

ለአጎቴ የመረጥኩት ታወሩን ነው፤ ማለትም የውጭ አንቴና የሚሰካበት፣ ከታወር የተቀበለውን ኔትወርክ በዋይፋይ የሚያድል የ4ጂ ራውተር። አንቴናውን በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሰቅለን መጀመሪያ ቅርብ ወደሚታየው ታወር ብናዞረው ምንም አልመጣም፤ ለካ በመሃል ያለ ጉብታ ይጋርደው ኖሯል። ትንሽ በትንሽ እያዞርን፣ የልጅ ልጃቸው እታች ሆና ራውተሩን እያየች «መጣ! ሄደ!» ስትለን ቆይታ፣ ራቅ ካለው ታወር ጋር ገጠመ። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ምልክቱ ስለሚደክም ራውተሩን ከምሰሶው አጠገብ ባለው ክፍል አኖርነው። ይህን የሚያስብ ሰው ከመግዛቱ በፊት ስልኩን ይዞ ምሰሶው ወደሚቆምበት ከፍታ ይውጣ፤ እዚያ አንድ መስመር ኔትወርክ እንኳ ካገኘ አንቴናውን ይግዛ፣ ካላገኘ ግን ገንዘቡን ይያዝ።