ሳይዋጉ ለማሸነፍ፦ የትኛውን ጌም ልግዛ?

ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ ጌም ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ኳስ ወይም ተኩስ ነው። እኔ ደግሞ የምወደው በንግግር የሚያሸንፍ ካራክተር ይዞ መጫወት ነው። ማሳመን፣ ማስታረቅ፣ ጠላትን በነገር መርታት። ለዚህ ይሆናሉ የሚባሉ ጌሞች ብዙ ናቸው። ለንግግር የሚሰጡት ቦታ ግን በጣም ይለያያል።

የፎልአውት ኒው ቬጋስ (እ.ኤ.አ. 2010) ዓለም መሣሪያ የሞላበት ነው። ሆኖም ስፒች የሚባለውን ችሎታ እስከ 100 ማሳደግ ይቻላል። መጨረሻ ላይ ሁቨር ግድብ ላይ ላኒየስ የሚባል የጦር አዛዥ ይጠብቃችኋል። በጥይት እሱን መጣል መከራ ነው። ስፒቻችሁ 100 ከሆነ ግን ግድቡን ቢይዝ እንኳ ምዕራቡን ይዞ መዝለቅ እንደማይችል ታስረዱታላችሁ። ሰምቶ ጦሩን ይዞ ይመለሳል! ችሎታችሁ ሳይደርስ ከሞከራችሁ ደግሞ ካራክተሩ የሚናገረው ነገር ራሱ ውሃ የማያነሳ ይሆናል። ይህን በጣም እወድለታለሁ። መንገድ ላይ ግን አውሬ አለ፣ አውሬ ደግሞ አይሸመገልም። ከጌሙ አጋሮች መካከል እንደ ቡን ያለ ተኳሽ አስከትላችሁ ሂዱ። 10 ጊጋባይት ቦታ ይበቃዋል፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል።

ዲስኮ ኤሊሲየም (2019) ውስጥ የውጊያ ሥርዓት ጭራሽ የለም። መርማሪ ፖሊስ ናችሁ። 24 ችሎታዎች ጭንቅላታችሁ ውስጥ እየተናገሩ ይመክሯችኋል፣ አንዳንዴም ያሳስቷችኋል። ከባድ ንግግር ሲመጣ ሁለት ዳይስ (ባለ ነጥብ መጫወቻ) ይጣላል፤ ሙከራው ነጭ ወይም ቀይ ተብሎ ይለያል። ነጩን ሙከራ ብትወድቁ ችሎታችሁን አሳድጋችሁ ትመለሱበታላችሁ፤ ቀዩ ግን አንዴ ብቻ ነው። ከጤና ሌላ ሞራል የሚባል መለኪያ ስላለ ክፉ ንግግር ብቻውን ሊጥላችሁ ይችላል። ከሁሉም ዲስኮ ኤሊሲየምን አስቀድማለሁ። ችግሩ እንግሊዝኛው ነው፤ ጽሑፉ አንድ ሚሊዮን ቃል ገደማ ነው፣ ቋንቋውም ቀላል አይደለም። ማንበብ የሚሰለቸው ሰው ገንዘቡን አያባክን።

ፔንቲመንት (2022) በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባቫሪያ የሚኖር ሠዓሊ ታሪክ ነው። እዚህ ዳይስ የለም። አንድን ሰው ለማሳመን ስትሞክሩ ጌሙ የሚቆጥረው ቀደም ብላችሁ ያላችሁትን ነው። መንዝ ውስጥ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጠዋት የተናገረው ከሰዓት ይጠየቅበታል። ገዳሙ ውስጥ ደግሞ ስብሐት የሚባል ኢትዮጵያዊ ካህን በእንግድነት ታገኛላችሁ። የእኛን ሰው እንዲህ በክብር ያቀረበ ጌም ብዙ አላየሁም። አጠር ያለ ስለሆነ ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው።

ባልደርስ ጌት 3ን (2023) ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ንግግሩ ግሩም ነው፤ አንዳንድ አለቆችን (ከባድ ጠላቶችን) አፍ ብቻ ይዞ መጣል ይቻላል። ትልልቆቹ ጦርነቶች ግን አይቀሩም። 150 ጊጋባይት ቦታና ጠንካራ ኮምፒውተርም ይፈልጋል። ያን ሁሉ በሞባይል ዳታ ከማውረዳችሁ በፊት ያለው ጓደኛ ቤት ሄዳችሁ ሞክሩት።