ኮንዶሚኒየም፣ አፓርታማ ወይስ ግቢ ያለው ቤት? አዲስ አበባ ላይ ለሚገዛ

ደላላ ቀድሞ የሚጠራው የካሬ ዋጋ ነው። ለሦስቱ ዓይነት ቤቶች ግን አንድ ካሬ አንድ ነገር አይደለም።

ከአፓርታማው እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 120 ካሬ ተብሎ የሚሸጥ ቤት ደረጃውን፣ ኮሪደሩንና የሊፍቱን ቦታ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። የጋራው ድርሻ 20 በመቶ ከሆነ በር ዘግተው የሚኖሩበት 96 ካሬ ብቻ ነው። በካሬ 100,000 ብር ተባለ እንበል፤ ለተጣራው ስፋት በካሬ የሚከፍሉት 125,000 ብር ሆነ ማለት ነው። የተጣራው ስፋት ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ገና ያላለቀ ሕንፃ ከሆነ ክፍያው ከቀን ጋር ሳይሆን ከግንባታው ደረጃ ጋር ይያያዝ፤ የመዘግየት ቅጣትና የዋጋ ማስተካከያ አንቀጹንም ደጋግመው ያንብቡ። የመኪና ማቆሚያ ለብቻው ይሸጣል ወይ? ለጄኔሬተር፣ ለሊፍትና ለጥበቃ በየወሩ ስንት ይከፈላል? ይህ ወጪ የባንክ ብድር ቢያልቅም አያልቅም።

ኮንዶሚኒየም ወርሃዊ ወጪው ቀለል ይላል፤ ለሠርግም ለለቅሶም ኮሙናል (የነዋሪዎች የጋራ ቤት) አለው። የ20/80 (20 በመቶ ቅድሚያ ተከፍሎ ቀሪው በባንክ ብድር የሚሸፈን) ሕንፃዎች በአብዛኛው ጂ+4 ናቸው፤ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ማለት ነው፣ ሊፍት የላቸውም። አረጋዊ ወላጅ ያለው ሰው አራተኛ ፎቅን በርካሽነቱ ባይመኝ ይሻላል፤ የውኃ ግፊትም እዚያ ሲደርስ ይደክማል፣ ሮቶ ያስፈልጋል። ፊኒሺንግ ያልተሠራለት ከሆነ የሴራሚኩን፣ የውስጥ በሩንና የካቢኔቱን ወጪ ዋጋው ላይ ይደምሩ። የውስጥ ግድግዳው አግሮስቶን (ቀላል የፓነል ግድግዳ) ከሆነ ከባድ ካቢኔት እንዲሁ አይሰቀልበትም።

ትልቁ አደጋ ግን ሌላ ነው። በዕጣ የተላለፈ ቤት 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ ስለማይቻል «በውክልና ልሽጥልህ» የሚል ሻጭ ይመጣል። ውክልና ሰጪው ሊሽረው ይችላል፤ በሕግም በሞቱ ያበቃል። ገንዘቡን የከፈለው ሰው ያኔ ከወራሾች ጋር ይሟገታል።

ግቢ ያለው ቤት ውድ ነው፤ ዋጋው የመሬቱ ነውና። ምጣድ የሚጣድበት የውጭ ኩሽና፣ የሚከራይ ሰርቪስ፣ ለልጅ መሮጫ አለው። የቤቱ ውበት ሳያታልልዎ ካርታውን ይዘው ግቢውን በሜትር ያስለኩ፤ አጥሩ ከካርታው ወጥቶ ከሆነ ትርፉ የእርስዎ አይደለም። ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተወሰደ)? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ቀሪ ዕዳ በማን ላይ እንደሚያርፍ ከዋጋ ድርድሩ በፊት ይለይ።

የትኛውንም ቢመርጡ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ከዕዳና ዕገዳ ነፃ መሆኑን ካርታውን ከሰጠው ቢሮ ያጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ። የቴምብርና የስም ማዛወሪያ ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን ውሉ ላይ ያስፍሩ፤ ቀሪው ገንዘብ ውልና ማስረጃ ፊት ከተፈረመ በኋላ ይከፈል።