ፐርሺያን፣ ሲያሚዝ፣ አቢሲኒያን ወይስ የሰፈር ድመት? ከመግዛታችሁ በፊት

ድመት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፎቶ ነው። ቴሌግራም ላይ ነጭ ፐርሺያን ትለጠፋለች፤ ልብ ትሰርቃለች፤ ስልክ ይደወላል፤ ቀብድ ይከፈላል። ኩላሊቷ እንዴት እንደሆነ፣ በአፍንጫዋ በደንብ ትተነፍስ እንደሆነ፣ በየቀኑ ማን እንደሚያበጥራት የሚጠይቅ የለም። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ድመት የምትመረጠው በመልኳ ሳይሆን በየቀኑ ልትሰጧት በምትችሉት ጊዜ ነው። ድመት ከ12 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትኖራለች። ዛሬ ለአንደኛ ክፍል ልጃችሁ የምትገዟት ግልገል ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም ቤት ልትጠብቀው ትችላለች።

የማወዳድረው አራቱን ነው፦ ፐርሺያን፣ ሲያሚዝ፣ አቢሲኒያንና የሰፈራችንን ድመት። ስኮቲሽ ፎልድን ለብቻዋ አነሳታለሁ፤ እሷን ባትገዙ እመርጣለሁ።

ማበጠሪያውን ማን ይይዛል?

ፐርሺያን በየቀኑ መበጠር አለባት። በሳምንት ሁለቴ አይበቃም። ጸጉሯ ድርብ ነው፤ ከላይ ረጅሙ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ለስላሳውና ጥቅጥቅ ያለው። የሚቋጠረው የሥረኛው ስለሆነ ከላይ ስትታይ ምንም ያልሆነች ትመስላለች። እጃችሁን ወደ ብብቷ፣ ወደ ጆሮዋ ጀርባና ወደ ሆዷ አስገብታችሁ ዳስሱ። ትንሽ ቋጠሮ ካገኛችሁ ገና ነው፤ በጣት ፈታ ፈታ አድርጋችሁ በማበጠሪያ ትጨርሱታላችሁ። ከቆየ ግን ቆዳዋን እየጎተተ ያሳምማታል። ያን ጊዜ በመላጫ ማሽን ማንሳት እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም። በመቀስ እንዳትሞክሩ። የድመት ቆዳ ቀጭንና ላላ ያለ ነው፤ ከጸጉሩ ጋር ተስቦ ሳታዩት ይቆረጣል።

ማበጠር ብቻም አይደለም። ፊቷ ጠፍጣፋ ስለሆነ እንባዋ በተገቢው መንገድ ወደ አፍንጫ አይወርድም፤ ጉንጯ ላይ ይፈስሳል። በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጥጥ ካልተጠረገ ጸጉሯን ያበላሻል፣ ቆዳዋንም ያቆስላል። ዱባይና ሪያድ ቤት ውስጥ የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ሥራ በደንብ ያውቁታል። የቤቱ ሰው ድመቷን ሲያቅፍ ጥጡንና ማበጠሪያውን ይዘው የሚከተሉት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ሲያሚዝና አቢሲኒያን አጭር ጸጉር ስላላቸው በሳምንት አንዴ ብታበጥሯቸው ይበቃል። የሰፈሯ ድመት ደግሞ አብዛኛውን ሥራ በምላሷ ትጨርሳለች።

ጠባያቸው

ፐርሺያን ረጋ ያለች ናት። መዝለል አታበዛም፤ ሶፋ ላይ ትተኛለች፤ ጫጫታ አትወድም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር፣ ትልልቅ ሰዎች ላሉበት ቤት በጠባይዋ ትስማማለች። ሁለትና ሦስት ዓመት የሆናቸው ልጆች የሚሯሯጡበት ቤት ግን አይመቻትም።

ሲያሚዝ ተቃራኒዋ ናት። ትጮኻለች። ድምጿ ወፍራምና ረጅም ነው፤ ስትራብም፣ ሲደብራትም፣ ከሥራ ስትመለሱም ትናገራለች። ሰው ትወዳለች፤ ከክፍል ክፍል እየተከተለች ትውላለች። ጠዋት ወጥታችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነና ሌላ ድመት ከሌላት ይከፋታል፤ ጎረቤትም ይሰማታል። ብቻችሁን የምትኖሩና ከቤት የምትሠሩ ከሆነ ግን ከእሷ የተሻለ ጓደኛ አላውቅም። ቀለሟም ይገርማል። ስትወለድ ነጭ ናት። ጠቆር የሚለው ቀዝቀዝ የሚለው የአካሏ ክፍል ነው፦ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ እግርና ጅራት። ቀለሙን የሚሠራው ኤንዛይም ሙቀት ሲያገኝ ሥራውን ስለሚያቆም ነው። ስለዚህ ብርዳም ቤት ያደገች ሲያሚዝ ሙቅ ቦታ ካደገችው ጠቆር ትላለች።

አቢሲኒያን እረፍት የላትም። መጋረጃ ላይ ትወጣለች፣ የቁም ሳጥን አናት ላይ ትገኛለች፣ ቧንቧ ሲከፈት ለማየት ትሮጣለች። እቅፍ አትወድም፤ ጨዋታ ግን እስኪበቃት አይገኝም። ስለ ስሟ አንድ ነገር ልበል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ «ዙላ» የተባለች ድመት አብራ እንደሄደች ይተረካል። በ1871 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ውስጥ በተደረገ የድመት ውድድር ላይም አቢሲኒያን የተባለች ድመት ሦስተኛ ወጥታለች። የዘር ምርመራ ግን መነሻዋ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አካባቢ መሆኑን ነው የሚጠቁመው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያላችሁ ወገኖች «የአገሬ ድመት» ብላችሁ በስሟ ብቻ አትግዟት። ጊዜና ከፍ ያለ መወጣጫ ካላችሁ ግዟት።

እውነተኛዋ የአገራችን ድመት ግቢያችሁ ውስጥ «ውሮ» ተብላ የምትጠራው ናት። አይጥ ትይዛለች፣ ብርድ ትችላለች፣ ከልጅነቷ ሰው ከለመደች ጭን ላይ ትተኛለች። ወሳኙ ጊዜ ከተወለደች ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ ሰው ያልነካት ግልገል ስታድግም ሰው መፍራቷ ብዙ ጊዜ አይለቃትም።

የዘር ሕመም

ዋናው ልዩነታቸው እዚህ ጋ ነው የሚታየው። የፐርሺያን ትልቁ ስጋት የኩላሊት ሕመም ነው። ኩላሊቷ ላይ ከልደቷ ጀምሮ ጥቃቅን የውሃ ከረጢቶች ይኖራሉ፤ ከዓመት ዓመት እያደጉ ደኅናውን ክፍል ይበሉታል። ከወላጆቿ አንዱ ብቻ ቢኖርበትም ለግልገሏ ሊያስተላልፍ ይችላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ድመቷ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው፦ ውሃ ማብዛት፣ መክሳት፣ ማስመለስ። መድኃኒት አይነቅለውም። ስለዚህ ሻጩን «የእናትና የአባቷ የኩላሊት ምርመራ ውጤት አለ?» በሉት። ውጭ አገር የዘር ምርመራው ቀላል ነው። እዚህ ወረቀቱ ከሌለ ወላጆቿ በአልትራሳውንድ ይታዩ። ሻጩ ጥያቄውን ካልወደደው ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ሁለተኛው አፍንጫዋ ነው። አፍንጫዋ በዓይኖቿ መካከል ተጣብቆ የወጣ ከሆነ አትግዟት፤ ፎቶ ላይ የምታምረው እሷው ብትሆንም። ወጣ ያለ አፍንጫ ያላት የድሮው ዓይነት ፐርሺያን በጣም ትሻላለች። የአዲስ አበባ አየር ለፐርሺያን ምቹ ነው። ድሬዳዋ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር ከሆናችሁ ግን ያለ ማቀዝቀዣ አትሞክሩት። ድመት አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ካያችሁ አስቸኳይ ነው።

አቢሲኒያን ላይ ሁለት ነገር ይፈተሻል። አንዱ ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያሳውር የዘር ሕመም ነው፤ ሌላው ቀይ የደም ሴል ቶሎ እንዲሞት የሚያደርግ የኤንዛይም ጉድለት። ለሁለቱም የዘር ምርመራ አለ፤ ጥሩ አርቢ ወረቀቱን ሳይጠየቅ ያሳያል። የድዷንም ነገር ተከታተሉ፤ ቶሎ ይቆጣባታል። ሲያሚዝ አስምና የዓይን ችግር ሊገጥማት ይችላል፤ ካለፈላት ግን ረጅም ዕድሜ ከሚኖሩት ናት።

የሰፈሯ ድመት ዘሯ የተደባለቀ ስለሆነ የዘር ሕመም አያጠቃትም ባይባልም ይቀንስላታል። የእሷ ጠላት ውጭ ነው ያለው፦ ትል፣ ቁንጫ፣ የድመት ተላላፊ በሽታ፣ መኪናና የአይጥ መርዝ። መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት አብራ ልትሞት ትችላለች። ድመት ካላችሁ መርዝ ይቅር፤ ለጎረቤትም ንገሩ።

ስኮቲሽ ፎልድ

ጆሮዋ ወደ ፊት የታጠፈው ናት። መነሻዋ በ1961 ስኮትላንድ ውስጥ አንድ እርሻ ላይ የተገኘች ነጭ ድመት ናት። ጆሮዋን የሚያጥፈው የለምለም አጥንት እክል ነው፤ እክሉም ጆሮ ላይ አይቆምም። መገጣጠሚያዎቿን፣ እግሯንና ጅራቷን ያደነድናል፤ ያሳምማታል። የምታምርበት ነገር ራሱ ሕመሟ ነው። ኔዘርላንድስ እርባታዋን ከልክላለች። እኔም ለማንም አልመክራትም።

የምግብና የጾም ነገር

ድመት ሥጋ በል ናት። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ነው የምታገኘው፤ ሲጎድልባት ልቧና ዓይኗ ይጎዳሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቤቱ ሲጾም ድመቷም ሽሮ ፍትፍት ትጾማለች፤ ይህ ለእሷ ጉዳት ነው። ከዚያም በላይ ወጣችን ሁሉ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፤ ሁለቱም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ፍስክ ሲሆን ዶሮ ወጥም ቢሆን አይሰጣትም።

ደረቅ የድመት ምግብ መግዛት ከቻላችሁ ጥሩ። ካልቻላችሁ ሥጋ ቤት ሳንባና ልብ ጠይቁ፤ ጨውና ቅመም ሳይገባበት በደንብ ቀቅላችሁ ስጧት። ልብ በታውሪን የበለጸገ ነው። ጉበት በሳምንት አንዴ ትንሽ ይበቃታል፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤ ይመርዛታል። ወተት የግድ አይደለም፤ አብዛኞቹ ካደጉ በኋላ ያስቀምጣቸዋል። ንጹሕ ውሃ ግን ሁልጊዜ ይኑራት።

ግልገሏን ስታዩ

ሻጩ ቤት ሂዱ፤ መንገድ ላይ አትቀበሉ። እናቷን አሳዩኝ በሉ። ስምንት ሳምንት ያልሞላትን ግልገል አትውሰዱ፤ 12 ሳምንት ይሻላል። ጆሮዋን ገልጣችሁ እዩ፤ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ካለ የጆሮ ተባይ ነው፤ ይታከማል፣ ግን ሌሎቹም ግልገሎች እንዳለባቸው ቁጠሩ። ሆዷ ተነፍቶ ጀርባዋ ከከሳ ትል አለ። ከንፈሯን ከፍ አድርጉ፤ ድዷ ሮዝ መሆን አለበት። የምታስነጥስና ዓይኗ የተጣበቀ ከሆነች ከእሷም ከወንድሞቿም ተዉ።

ቤት ካመጣችኋት በኋላ ሐኪም ጋ ውሰዷት። የመጀመሪያው ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜዋ ላይ ይጀምራል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ 12 ሳምንት ሲሞላት። ይህኛው አገራችን ውስጥ አማራጭ የለውም። ያልተከተበች ድመት ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ።

ሴት ግልገል አራት ወር ሲሆናት ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናው ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ማምከኑን አታቆዩት። ወንድ ፈልጋ ሌሊት ስትጮህ፣ ወለል ላይ ስትንከባለል አይታችሁ «አሟታል» ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት፤ አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል። የውሻ ቁንጫ መድኃኒትም አትጠቀሙባት።

እርጉዝ ሴት ካለች ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። ድመቷ የምትጸዳዳበትን አሸዋ ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ፤ ለፅንስ የሚያሰጋው ቶክሶፕላዝማ የተባለው በሽታ አምጪ ከዓይነ ምድሯ ወጥቶ ለሰው የሚተላለፈው ቢያንስ አንድ ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ወንድ ድመት ደግሞ አሸዋው ላይ ተቀምጦ እያማጠ ሽንት ካልወጣው «ድርቀት ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያኑ ዕለት ሐኪም ጋ አድርሱት።