ለአመለኛ ድመት የትኛው ጣሳ ይሻላል? ለጅማ ገዢዎች የተዘጋጀ ንጽጽር

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለድመት ተብሎ የታሸገ ምግብ እኔ እጅ የሚገባው ወይ ወደዚያ የሄደ ዘመድ በሻንጣው ይዞልኝ ሲመለስ፣ ወይ ከከተማችን ሱቆች አንዱ አልፎ አልፎ ጥቂት ጣሳ ሲያስመጣ ነው። እንዲህ ተጠብቆ የመጣ ጣሳ ተከፍቶ ድመቷ አንዴ አሽትታ ዞር ስትል የሚባክነው ብሩ ብቻ አይደለም፤ ሌላ እስኪተካ ድረስ ያለው ጥበቃም ጭምር ነው። በቤቴ ሁለት ድመቶች አሉ። አንደኛዋ ቡሬ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላትና ብዙ ጥርሷን የጣለች አሮጊት ናት። ሁለተኛው ጉራቻ ከቡና መጋዘን የመጣ፣ በልጅነቱ የሥጋ ቤት ሳንባ ሲበላ ያደገ ጎረምሳ ነው። የሁለቱ ምርጫ እንደ ሰማይና ምድር የተራራቀ ስለሆነ የጣሳ ምግብ ዓይነቶችን ጎን ለጎን እያስቀመጥኩ ለማየት ተገድጃለሁ። ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት፣ ድመት የምግቡን ሽታ፣ ልስላሴና ሙቀት እንደምትመርጥ፣ ገዢው ግን ከዚያ አስቀድሞ ምግቡ ሙሉ መሆኑን ማረጋገጥ እንዳለበት ነው።

የምርጫዋ ምክንያት

ድመት ምግብ የምታማርጠው ለመቀናጣት ብላ አይደለም፤ አፈጣጠሯ ነው። በምላሷ ላይ ያሉት የጣዕም ሕዋሳት እብጠቶች 500 እንኳ አይሞሉም፤ የሰው ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። ጣፋጭን የሚለየውን ተቀባይ ከሚሠሩት ሁለት ጂኖች አንዱ በድመት ዘር ውስጥ የተበላሸ መሆኑ በ2005 እ.ኤ.አ. ስለታወቀ፣ ስኳር ያለበት ምግብ ለእሷ የተለየ ጣዕም እንደማይሰጣት ግልጽ ሆኗል። በአንጻሩ የሥጋና የመረቅ ጥፍጥና የሚሰማት መሆኑን፣ በተለይም በቱና ውስጥ በብዛት የሚገኙ ሁለት ንጥረ ነገሮች ሲጣመሩ ይህን ስሜት አብዝተው እንደሚቀሰቅሱ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። ድመቶች የቱና ጣሳ ሲከፈት ከጓሮ ድረስ ሮጠው የሚመጡት ያለ ምክንያት አይደለም ማለት ነው።

ምላሷ ደካማ ቢሆንም አፍንጫዋ ያንን ይክሳል፤ ምግቡን አስቀድማ የምትፈርደው በሽታው ነው። የሰውነቷ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ስለሆነ፣ ትኩስ ታድኖ የተያዘ አይጥ የሚኖረው ሙቀት ለእሷ የምግብ ሙቀት ነው፤ ከፍሪጅ የወጣ ጣሳ ግን ሽታው የታፈነ ነው። ሦስተኛው ጉዳይ ልማድ ነው፤ ግልገሏ ከእናቷ ጋር ሆና ያላየችውን ዓይነት ምግብ አድጋ ስታገኘው ምግብ መሆኑን ላትቀበል ትችላለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚለው አባባል ለዚህም ይሠራል።

ፓቴ፣ በመረቅ፣ በጄሊ ወይስ በቃጫ?

ገዢ ከሁሉ በላይ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የዶሮም የዓሣም ጣሳ በአንድ ዓይነት ልስላሴ ከቀረበ ድመቷ ሁለቱንም ልትበላ ወይም ሁለቱንም ልትተው ትችላለች።

ፓቴ የሚባለው ሥጋው ልሞ እንደ ጠጠር ያለ ገንፎ የረጋ ምግብ ነው። ማኘክ ብዙም ስለማያስፈልገው ጥርሷ ላለቀ ድመት ይመቻል፤ ብዙውን ጊዜም በውስጡ ያለው ስታርች (ዱቄታማው ክፍል) ከመረቅ ዓይነቱ ያነሰ ነው። ለቡሬ የምገዛው ይህን ነው። ድክመቱ ሳህን ላይ ሲቆይ ላዩ ቶሎ መድረቁና መጥቆሩ ሲሆን፣ ቁራጭ ሥጋ መንከስ የለመደ ድመት ደግሞ ምንነቱን አይረዳውም። ለጉራቻ መጀመሪያ የሰጠሁት ቀን አንገቱን አስረዝሞ አሸተተ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ በሳህኑ ዙሪያ ያለውን ሲሚንቶ እንደ አፈር ይጭር ጀመር፣ ከዚያም ትቶት ሄደ። ይህ መጫር የትርፍ ምግብን ሽታ የመቅበር የአውሬነት ልማድ ነው፤ ያም ሆኖ መልእክቱ አያሻማም።

በመረቅ የቀረበው ምግብ ሽታው ስለሚያውድ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ድመት የሚወደው ይመስላል። ገዢን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ጉራቻ መረቁን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ልሶ ቁራጮቹን ብቻ ያስቀራል፤ እኩለ ቀን ላይ ሳህኑን ስመለከተው ታጥበው የተደረደሩ የሚመስሉ አራት ማዕዘን ቁራጮች ደርቀው አገኛለሁ። በብዙ ርካሽ ጣሳዎች ውስጥ እነዚህ ቁራጮች ከተፈጨ ሥጋና ከስንዴ ፕሮቲን ተጋግረው በአንድ መጠን የተቆረጡ ስለሆኑ የሥጋ ቃጫ የላቸውም። መረቁን ብቻ የሚልስ ድመት አብዛኛውን ፕሮቲን ሳህን ላይ እየተወ መሆኑን ባለቤቱ ልብ ሊል ይገባል። መፍትሔው ቁራጮቹን በሹካ ጨፍልቆ ከመረቁ ጋር ማዋሐድ ነው፤ በእኔ ቤት ይህ ከአምስት ጊዜ ሦስቱን ይሳካል።

በጄሊ የረጋው መካከለኛ ነው። ፈሳሹ በቁራጩ ዙሪያ ስለተያዘ ድመቷ አንዱን ከሌላው ለይታ መላስ አትችልም፤ ስትነክስ ሁለቱንም ትወስዳለች። ምርጫዋ ገና ላልታወቀ ድመት የመጀመሪያውን ጣሳ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ በጄሊ ያለውን እንዲይዝ እመክረዋለሁ። በቃጫ በቃጫው የተለያየው ደግሞ ለእውነተኛ ሥጋ የሚቀርብ ሲሆን፣ ሥጋ ቤት ሥር ያደጉ ድመቶች ያለ ማንገራገር የሚበሉት ይህንን ነው። ሆኖም ዋጋው ከሌሎቹ ይወደዳል፤ ብዙዎቹም በማሸጊያቸው ላይ ተጨማሪ ምግብ እንጂ ሙሉ ምግብ ያልሆኑ ተብለው የተጻፉ ናቸው። ይህን ሳያነቡ ለየዕለቱ መመገብ ስሕተት ነው።

የድመት ጣሳ ወይስ የሰው ቱና?

በጅማ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ዘወትር የሚታየው ጣሳ የድመት ሳይሆን የሰው ቱናና ሰርዲን ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ወደዚያ ያዘነብላል። በተለይ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ የሥጋ ፍርፋሪ በማይገኝበት ቤት ለድመት ተብሎ ቱና መክፈት የተለመደ ነው። የባለቤቱን ርኅራኄ አደንቃለሁ፤ ድመት ሥጋ ካልበላች የማትኖር ፍጥረት በመሆኗ አብራ እንድትጾም ማድረግ ጉዳት ነውና። ሆኖም ቱናውን የየዕለት ቀለብ ማድረግ ሌላ ችግር ያመጣል። የሰው ቱና ለድመት የሚያስፈልጉት ቫይታሚኖችና ማዕድናት ተመጣጥነው አልተጨመሩበትም፤ ካልሲየሙ አነስተኛ ነው፤ ቫይታሚን ኢ ሳይሟላ በቅባታማ ዓሣ ብቻ ለረጅም ጊዜ የኖረች ድመት ከቆዳዋ ሥር ያለው ስብ ተቆጥቶ ሲነኳት የምታምበት በሽታ ሊይዛት ይችላል። በጨው ውሃ የታሸገው ጨዉ ይበዛል። ሰርዲን በቲማቲም ስጎ ከሆነ ደግሞ ሽንኩርት ሊኖርበት ስለሚችል ጨርሶ ባይሰጥ ይመረጣል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። በዚሁ ምክንያት ወጥ የነካው እንጀራም፣ የሽሮም ሆነ የምስር፣ ለእሷ አይሆንም።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ፣ የድመት ጣሳ ዋና ምግብ፣ የሰው ቱና ደግሞ ማባበያ ሊሆን ይገባል። ውሃው ወይም ዘይቱ የተንጠፈጠፈ አንድ የሻይ ማንኪያ ቱና እንቢ በተባለ ፓቴ ላይ ሲለወስ የጉራቻን አቋም እንኳ ይለውጣል። በጾም ወቅት በከተማችን የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ስለሆኑ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ትንሽ ሥጋ ከቱና ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ሳንባ ቢያጠግብም ብቻውን ገንቢነቱ ዝቅተኛ ነው። ጉበት ደግሞ በየቀኑ ከተሰጠ ቫይታሚን ኤ በሰውነቷ ተጠራቅሞ የአንገት አጥንቷን እስከ ማጣበቅ ይደርሳል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት ቢሆን በቂ ነው።

ማሸጊያው ላይ የሚነበበው

ወደ ጅማ የሚመጡት ጣሳዎች ጽሑፋቸው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ነው። እንግሊዝኛውን ለሚያነብ ሰው መፈለግ ያለበት ቃል «ኮምፕሊት» የሚለው ነው፤ ሙሉ ምግብ ማለት ነው። «ኮምፕለመንታሪ» የሚል ከሆነ ግን ከሌላ ምግብ ጋር የሚሰጥ ተጨማሪ ነው። ሁለቱ ቃላት ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ገዢ ይሳሳታል። ቀጥሎ ታውሪን መኖሩ ይታይ። ድመት ይህን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሷ መሥራት አትችልም፤ እጥረቱ ልቧን እንደሚያሰፋና እንደሚያደክም፣ ሲተካላት ደግሞ ብዙዎቹ እንደሚያገግሙ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው።

የፕሮቲኑ ቁጥር ግን እንዳለ ቢወሰድ ያሳስታል። አንድ ጣሳ ላይ ፕሮቲን 10 በመቶ፣ ውሃ 80 በመቶ ተጽፎ፣ በደረቁ የድመት ምግብ (በእንክብሉ) ማሸጊያ ላይ ደግሞ ፕሮቲን 32 በመቶ፣ ውሃ 10 በመቶ ቢጻፍ፣ ደረቁ ሦስት እጥፍ የበለጠ ይመስላል። ውሃው ሲቀነስ ግን የጣሳው ደረቅ ክፍል 20 ብቻ ነው፤ 10 ለ20 ሲካፈል 50 በመቶ ይሆናል። የደረቁ ግን 32 ለ90 ተካፍሎ ወደ 35 ተኩል በመቶ ብቻ ይደርሳል። ይህችን ስሌት በስልክ መሥራት ደቂቃ አይፈጅም።

ደረቁ ምግብ ርካሽ ነው፣ አይበላሽም፣ ለመንገድም ይመቻል፤ ድመት ግን በተፈጥሮዋ ትንሽ ውሃ የምትጠጣ ስለሆነች የሽንት ችግር ላለባት ድመት ጣሳው ይሻላል። አቅም ለሚያንሰው ሰው ጠዋት ደረቁን፣ ማታ ጣሳውን መስጠት የሚያዋጣ መንገድ ነው።

ትንሹ 85 ግራም ወይስ ትልቁ 400 ግራም?

ዋጋው በግራም ሲሰላ ትልቁ ጣሳ በአብዛኛው ይረክሳል። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ኪሎ ካሎሪ ስለሚያስፈልጋት፣ ከትንሹ ሦስት ያህል ትጨርሳለች። ትልቁ ለሁለት ድመቶች አንድ ቀን እንኳ በደንብ አይሞላም፤ ለአንዲት ድመት ግን ከአንድ ቀን አልፎ ያድራል። ጉዳዩ ያለው ማደሩ ላይ ነው። የተከፈተ ጣሳ በፍሪጅ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይቆያል፤ በክፍል ሙቀት ግን ከአራት ሰዓት በላይ ሳህን ላይ መተው አይገባም። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖርና አንዲት ድመት ላለችው ሰው፣ ውድ ቢሆንም ትንሹ ማሸጊያ ነው የሚያዋጣው፤ የተጣለ ግማሽ ጣሳ ከየትኛውም ይወደዳልና።

ከፍሪጅ የሚሰጥ ከሆነ ማሞቅ ግድ ነው። እኔ የሚበላውን ያህል በትንሽ የብረት ሳህን አድርጌ፣ ሳህኑን የፈላ ውሃ ባለበት ሰፊ ዕቃ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ በማንኪያ አማስዬ በጣቴ እነካዋለሁ። ለብ ካለ ይበቃል። ቡሬ ያኔ ሽታው ሳይደርሳት እንኳ የማንኪያውን ድምፅ ሰምታ ከአልጋ ሥር ትወጣለች፤ ያው ምግብ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲቀርብላት ግን ሁለት ጊዜ አሽትታ ትመለሳለች።

በካርቶን ከመግዛት በፊት

አንድ ጊዜ ጉራቻ በጄሊ የተዘጋጀ የዶሮ ጣሳ ለአራት ተከታታይ ቀናት አጥርቶ ስለበላ፣ ወደ አዲስ አበባ በሄድኩበት አጋጣሚ 24 ጣሳ የያዘ ካርቶን ገዝቼ በአውቶቡስ ተሸክሜ መጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ምግብ አሽትቶ ትቶት ሄደ። ድመት አዲስ ነገርን እንደምትፈራ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ሲደጋገምባትም ትሰለቻለች፤ ሁለቱ በአንድ ፍጥረት ውስጥ አብረው መኖራቸው ነው ገዢን የሚያስቸግረው። ስለዚህ ልስላሴው የተረጋገጠ ከሆነ በአንድ ልስላሴ ሁለት ወይም ሦስት ጣዕም፣ ለምሳሌ ዶሮና ዓሣ በጄሊ፣ ቀላቅሎ መግዛት ከአንድ ጣዕም ካርቶን ይልቅ ያዛልቃል። ልስላሴው ካልተረጋገጠ ደግሞ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ጣሳ ብቻ ይያዝ።

አዲሱን ምግብ በአንድ ጊዜ መተካት አይገባም። መጀመሪያ ከለመደችው ምግብ ጎን አንድ የሻይ ማንኪያ ይቀመጥ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሩቡ፣ ቀጥሎ ግማሹ እየተለወሰ በሰባት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ይጠናቀቅ። በዚህ መካከል «ሲርባት ትበላዋለች» ብሎ ሌላውን መከልከል አደገኛ ነው። ድመት በተለይም ወፈር ያለች ከሆነች ለሁለትና ለሦስት ቀን ሳትበላ ከቆየች ስቡ ወደ ጉበቷ ተዛውሮ ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። ለአንድ ቀን ሙሉ ምንም ያልቀመሰች፣ ወይም ቀድሞ የምትወደውን ጭምር የተወች ድመት አመለኛ ሆና ሳይሆን ታማ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ሱቅ ከመመለስ በፊት ለእንስሳት ሐኪም ትታይ፤ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ሩቅ አይደለም። ቡሬ ባለፈው ክረምት ፓቴዋን ስትተው እኔም ጣዕሙን ሰልችታ መስሎኝ ሦስት ዓይነት ጣሳ ከፈትኩላት፤ ሐኪሙ አፏን ሲከፍት ግን ከቀሩት ጥርሶቿ የአንዱ ሥር መግል ይዞ ነበር። ጥርሱ በተነቀለ በአራተኛው ቀን ያንኑ ፓቴ ለብ አድርጌ ሳቀርብላት ሳህኑን ላሰችው።