«ኪሰስ»፦ ለአልበሙ ቅምሻ የማይሆን ግሩም ነጠላ ዜማ

አንድ ባንድ አልበሙን ከማውጣቱ በፊት አስቀድሞ የሚለቀው ነጠላ ዜማ ሁለት አደራ ይጣልበታል። ለብቻው ሲደመጥ ሙሉ ሥራ መሆን አለበት፤ ተከትሎት የሚመጣውን አልበምም ሳያዛባ ማስተዋወቅ ይጠበቅበታል። የእንግሊዙ ስሎውዳይቭ «ኤቭሪቲንግ ኢዝ አላይቭ» (ሁሉም ነገር ሕያው ነው) ለተሰኘው አምስተኛ አልበሙ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ያስቀደመው «ኪሰስ» የመጀመሪያውን አደራ ከሚጠበቅበት በላይ ተወጥቷል። ሁለተኛውን ግን አልተወጣም፤ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ ካደመጥሁ በኋላ ባንዱ ይህን ያደረገው ሳያውቅ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ዘፈኑን በትክክል ለመመዘን ከማን እንደመጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። ስሎውዳይቭ በ1989 ሬዲንግ በተባለችው ከተማ የተመሠረተ፣ ድሪም ፖፕ (ሕልም መሰል ፖፕ) እና ሹጌዝ ከሚባሉት ጎረቤታም ስልቶች ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣ ባንድ ነው። (ሹጌዝ ማለት ጫማ ላይ ማፍጠጥ እንደማለት ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ እግራቸው ሥር የተደረደሩትን፣ የጊታሩን ድምፅ የሚለውጡ ፔዳሎች እያዩ አንገታቸውን ደፍተው መጫወታቸውን ለመተረብ የወጣ ስም ነው፤ ተረቡ ውሎ አድሮ የስልቱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።) በ1993 የወጣው «ሱቭላኪ» ዛሬ የስልቱ ዋቢ ሥራ ተደርጎ ቢጠቀስም፣ በዘመኑ የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጦች ፊት ነሥተውት ነበር። በ1995 «ፒግማሊየን» የተባለው ሦስተኛ አልበም እንደወጣ አሳታሚው ክሪኤሽን ሬከርድስ ውሉን አቋረጠ፣ ባንዱም ተበተነ። እንደገና ተሰባስበው መድረክ ላይ የታዩት በ2014 ሲሆን፣ አራተኛው አልበም ከሦስተኛው 22 ዓመት ዘግይቶ በ2017 ወጣ። እንዲህ ካለ ባንድ አድማጭ የሚጠብቀው የታወቀውን ጭጋግ ነው፤ የትኛው ጊታር፣ የትኛው ኪቦርድ፣ የትኛው የሰው ድምፅ እንደሆነ እስከማይለይ ድረስ ሁሉም እርስ በርሱ የተዋዋጠበትን ቅንብር።

«ኪሰስ» ግን ጥርት ብሎ ይጀምራል። ድራሙ ፈጠን ያለ፣ የማይዛነፍ ምት ይይዛል፤ ሳይመን ስኮት ምቱን ለማስጌጥ አይቸኩልም፣ ይህ ትዕግሥቱም ለሌሎቹ ቦታ ይለቅላቸዋል። በምቱ ላይ የምትመጣው የጊታር ሐረግ ጥቂት ኖታዎች ብቻ ያሏት፣ አንዴ የሰማት ሰው ሳያስበው የሚያንጎራጉራት ናት። በጆሮ ማዳመጫ ጠጋ ብሎ ለሰማት ግን ተራ አይደለችም፤ እያንዳንዱ ኖታ ተመትቶ ሳይሰክን የገደል ማሚቶው ይከተለዋል፣ የሚቀጥለው ኖታ የሚያርፈውም በዚያ ማሚቶ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጣት የነካው ጥቂት ሆኖ ሳለ ጆሮ የሚሰማው ብዙ ይሆናል። ከሥር የኒክ ቻፕሊን ቤዝ ጊታር ዘፈኑን ወደፊት ይገፋዋል። ባንዱ የሚታወቅበት ሰፊ ማስተጋባት አልቀረም፤ የተለወጠው ቦታው ነው። በቀደሙት ሥራዎች ማስተጋባቱ ከዜማው ፊት ቆሞ አድማጩ ዜማውን እንዲፈልግ ያስገድደው ነበር፤ እዚህ ከዜማው ጀርባ ሆኖ ጥልቀት ይሰጠዋል። ወደ አራት ደቂቃ የሚጠጋውን ዘፈን ደጋግሞ ማስደመጥ የቻለውም፣ በእኔ ግምት፣ ይኸው የቦታ ለውጥ ነው።

ኒል ሃልስቴድ የሚዘፍነው ሊያሳምን እንደሚፈልግ ሰው ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ሰው ነው። ሬቸል ጎስዌል ስትደርብበት ድምጿ ከድምፁ በላይ አይወጣም፤ ብርሃን ጨምሮለት ይመለሳል። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፣ ከፊሎቹም ሳይያዙ ያልፋሉ። መሳሳምን የሚጠራው ርእስ የፍቅር ዘፈን ቢያስመስለውም፣ እኔ የሰማሁበት ግን ያሉበትን ትቶ ለመሄድ የመነሣሣት ስሜት ነው፤ በጣሊያኗ ኔፕልስ የተቀረጸው ቪዲዮም ለዚህ ንባብ የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እንከን የለውም አልልም። የጎስዌል ድምፅ ይህን ያህል በቁጠባ መሰጠቱ ያስቆጫል፤ ሁለተኛው ስንኝ ለብቻዋ ቢተውላት ኖሮ ዘፈኑ አሁን የጎደለውን አንድ መታጠፊያ ያገኝ ነበር። አዝማቹም ሲመለስ እንደመጀመሪያው ሆኖ ይመለሳል፤ የሚጨመርለት ነገር ጥቂት ነው። በስልክ ድምፅ ማጉያ ለሚያደምጠው ደግሞ ቤዙ ስለሚጠፋ የሚቀረው የጊታሯ ሐረግ ብቻ ይሆንና፣ ዘፈኑ ቆንጆ ግን ቀለል ያለ መስሎ ያልፋል። የጆሮ ማዳመጫ ወይም ደህና ስፒከር ሳይኖር ፍርድ ባይሰጥበት ይሻላል።

ወደ ሁለተኛው አደራ ስንመለስ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የወጣው አልበም ስምንት ሥራዎች ያሉት፣ በአመዛኙ ዝግ ያለና የተከዘ ነው። መነሻው ሃልስቴድ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ለብቻው የሞካከራቸው ድምፆች ሲሆኑ፣ አልበሙ የሚከፈተውም በጊታር ሳይሆን በሚሽከረከር የሲንተሳይዘር ድምፅ ነው። መታሰቢያነቱ በ2020 ላረፉት ለጎስዌል እናትና ለስኮት አባት ነው። «ኪሰስ»ን ብቻ ሰምቶ ስምንት ብሩህ የጊታር ዘፈኖች የጠበቀ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነው፤ አንደኛው ሥራ እንደውም አንዲት ቃል የማይዘፈንበት የመሣሪያ ቅንብር ነው። እንደ ማስታወቂያ ከወሰድነው ሸማቹን አሳስቷል ማለት ይቻላል። እኔ ግን ቅሬታዬ አይከብድም፤ ከቀሩት ሰባቱ አንዱ ቢቀድም ኖሮ አዲስ አድማጭ ወደ አልበሙ የሚጠጋበት ምክንያት ያንስ ነበር።

ባንዱን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ከዚህ ዘፈን ቢጀምር መልካም ነው። አልበሙን በእጁ ካስገባ በኋላ ግን ዘፈኑን ለይቶ ከማጫወት ይልቅ ከመጀመሪያው ሥራ ተነሥቶ በቅደም ተከተል ቢያዳምጥ ይበልጥ ይጠቀማል። «ኪሰስ» በዝርዝሩ አምስተኛ ነው፤ ከፊቱ ያለው ሥራ በእርጋታ የሚጓዝ፣ ትዝታ የተጫነው ነው። ያ አብቅቶ የስኮት ድራም ሲገባ፣ በነጠላ ዜማነቱ ስንት ጊዜ የሰማነው ያው ምት በዚያ ቦታ ለረጅም ሰዓት በተዘጋ ክፍል መስኮት የተከፈተ ያህል ይሰማል።