ኮሎራዶ ላይ በቀስት ኤልክ (ትልቁን የአጋዘን ዘር) ለምታድኑ፣ ይሄን ሰውዬ ሳታዩ ፍላጻ እንዳትገዙ

ሰላም የዴንቨርና የአውሮራ ልጆች። ይሄን ፖስት መጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ስራ ነው ምን ይደረግ፣ ግን ሴፕቴምበር ሳይደርስ ልጻፈው ብዬ ነው።

የመጀመሪያ ፍላጻዎቼን የገዛሁት ከአንድ ትልቅ ሱቅ ነው (ስሙ ይቅር)። ልጁ ስንት ፓውንድ እንደምስብ እንኳን ሳይጠይቀኝ 400 የሚል የተጻፈበት ስድስት ፍላጻ፣ 30 ኢንቹን እንዳለ ሳይቆርጠው፣ "ቀላል ነው ፈጣን ነው" ብሎ ሸጠልኝ። በልምምድ ጫፍ ቆንጆ ይሄዳል፣ ብሮድሄዱን (ባለ ምላጩን የአደን ጫፍ) ስሰካበት ግን 40 ያርድ ላይ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ፣ እኔም ክንዴ ነው የማይረባው እያልኩ ሰመሩን ሙሉ ራሴን ስራገም ከረምኩ።

ከዛ አንድ የስራ ባልደረባዬ እዚህ ሰውዬ ጋር ወሰደኝ። ፍላጻ ጋራዡ ውስጥ ነው የሚሰራው፣ እኔ ጋሼ ነው የምለው፣ ትርጉሙን ስነግረው በጣም ነው ደስ ያለው። ቀስቴን ሚዛን ላይ ሰቅሎ ሳበው፣ የመሳቢያ ጉልበቱ 62 ፓውንድ። ከዛ በሁለት ሜትር ርቀት ወረቀት ወጥሮ አስወረወረኝ፣ ቀዳዳው ክብ መሆን ሲገባው ወደ ጎን ሁለት ጣት ያህል ተቀዷል። ምንም አላለም፣ የፍላጻዬን ዘንግ 28 ኢንች የተራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ አስተኝቶ መሀሉ ላይ 880 ግራም የምትሆን ክብደት አንጠለጠለበት። የኔ 400 አንድ ሴንቲ ጎበጠ። 340 የሚል የተጻፈበት ሌላ ዘንግ ሲያስተኛ ግን ከዛ ያነሰ ጎበጠ። ስፓይን የሚሉት ይሄው ነው ለካ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ዘንጉ ይጠነክራል፣ እኔ የተገላቢጦሽ መስሎኝ ነበር! ሲረዝም ደግሞ ይብስበታል፣ ጫፉ ሲከብድም እንደዛው፣ ስለዚህ ያ 30 ኢንች ያልተቆረጠ ነገር ከቀስቴ ሲወጣ እንደ እባብ ነበር የሚሄደው።

340ውን 28 ኢንች ላይ ቆርጦ፣ 125 ግሬን ብሮድሄድ አድርጎ፣ ሁሉም ተደምሮ 445 ግሬን ገባ፣ 29 ግራም አካባቢ ማለት ነው። የድሮው 385 ነበር። ፍጥነት ትንሽ ቀነሰ፣ የቀስቱን ማነጣጠሪያ ፒኖች እንደ አዲስ ማስተካከል ነበረብኝ፣ ግን ኤልክ እኮ እንደ ተራ አጋዘን አይደለም፣ ወንዱ 300 ኪሎ ያልፋል፣ ያን ጎድን ሰንጥቆ የሚገባ ክብደት ያስፈልጋል። እኔ ሲመታ የሚከፈተውን ብሮድሄድ ፈልጌ ነበር፣ "መክፈቻው ራሱ ጉልበት ይበላብሃል" ብሎ የማይንቀሳቀሰውን ሰጠኝ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ የጸጉር ላስቲክ ወጥሮ እያንዳንዱን ምላጭ ሲያስነካው ነው፣ ላስቲኩን ገፋ አድርጎ ያልቆረጠ አንድ ምላጭ አገኘና እዛው ቁጭ ብሎ ሳለው። የስቴቱ ህግ ምላጩ ብረት ሆኖ ቢያንስ 7/8 ኢንች ስፋት፣ የቀስቱ የመሳቢያ ጉልበት ደግሞ ቢያንስ 35 ፓውንድ ይሁን ነው የሚለው፣ ስለ ስለት ግን የሚነግርህ እንደሱ አይነት ሰው ነው።

አምና፣ መስቀል ቅዳሜ የዋለ ጊዜ፣ ሐሙስ ጠዋት ጋኒሰን አካባቢ ሴት ኤልክ 28 ያርድ ላይ ጎኗን ሰጥታ ቆመችልኝ። ፍላጻው በዚህ ገብቶ በዛ ወጣ። ጋሼ እንዳለኝ ግማሽ ሰዓት ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ 60 እርምጃ እንኳን ሳትሄድ ወድቃ አገኘኋት። ከጓደኛዬ ጋር ሶስት ምልልስ ተሸክመን ቤት የገባነው ዓርብ ማታ፣ ደመራው አምልጦኝ ሚስቴ ተኮሳትራ፣ ስጋው ደግሞ ጾም ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ እያየነው አደርን። (ይበላል ወይ ለምትሉኝ፣ ሸኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ ሌላውን ቄሳችሁን ጠይቁ።)

ስሙን እዚህ ልጻፍ ብለው እምቢ አለኝ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። የሚያስከፍለው ለእቃውና ለመቁረጫ ብቻ ነው። ኦገስት መጨረሻ ወረፋው አይቻልም፣ አሁኑኑ ሂዱ፣ ቀስታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለሱ አያናግራችሁም። ብር ጨምራችሁ ብትሰጡት አይቀበልም፣ የይርጋጨፌ ቡና ግን ይቀበላል።